የጎደለችው መስመር

ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እኔ ገና ነኝ። ሐኪሙ አዲስ አበባ የተማረ የጅቡቲ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይጠራል። የጉልበቴን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «እማማ፣ ከእንግዲህ መንበርከክ የለም» አለኝ።

«ለጸሎትም?»

«ለጸሎትም። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጸልዩ፤ እግዜር ይሰማዎታል።»

አይ ልጅ! ሌላው ሰው ዳዴ ብሎ፣ ሲያድግ ይተወዋል፤ እኔ ደሞዝ እየተከፈለኝ ስድህ ኖርኩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ መሄድ ልማር ነው።

ሥራዬን ስናገር ሰው ግር ይለዋል። ሴራሚክ አንጣፊ አልነበርኩም፤ እሱ የሌላ ሰው ሙያ ነው። እኔ በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል የምትቀረዋን ክፍተት የምሞላ ነበርኩ። ፈረንሳዮቹ ዡዋን ይሏታል፤ እኛም ጅቡቲ ኖረን ዡዋን አልናት። የትንሽ ጣት ጥፍር አታክልም። እንግዳ ቤት ገብቶ ሴራሚኩን ያደንቃል እንጂ «ዡዋኑ እንዴት ያምራል!» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ወለል ሲበላሽ ግን መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት፤ ትሰነጠቃለች፣ ትረግፋለች፣ ትጎድላለች፣ ትነጣለች። የኔ ዕድሜ በእነዚህ አራት በሽታዎች አለቀ። ዛሬም ሰው ቤት ስጋበዝ የባለቤቷን ፊት ሳላይ ወለሉን ነው የማየው፤ ልጄ ሰላም «ኧረ እማዬ፣ መጀመሪያ ሰላም በያቸው!» እያለች ትቆነጥጠኛለች።

ከድሬዳዋ በባቡር የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ፣ ነፍሱን ይማር። እኔና ሰላም ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረን። ሙሴ ፖል የሚባል ፈረንሳይ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ለማጠብ ተቀጠርኩ። ስለ ሙሴ ፖል የማስታውሰው ደሞዝ ሲዘገይ ፈረንሳይኛው እንደሚፈጥን ነው። የቀረውን ትዝታዬን እሱ ዘንድ ዡዋን ይሞላ የነበረው ጋሽ መኩሪያ ሸፍኖብኛል።

ጋሽ መኩሪያ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዶ አደገ። ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከሙሴ ፖል ጋር በፈረንሳይኛ፣ ገበያ በሶማሊኛ ይነጋገራል፤ ሲቆጣ ግን በአረብኛ ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «አረብኛውን በደንብ ስለማላውቀው ኃጢአቱ ይቀልልኛል» አለኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሚሰበስብ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሳጥብ ከኋላዬ ቆሞ ቆየና «አንቺ፣ ስፖንጁን ማን አስተማረሽ እንዲህ መጭመቅ?» አለኝ። ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ሰው መጭመቅ ያስተምሩታል እንዴ! እንደዚያ ስለው ሳቀና ባልዲዬን ነጠቀኝ። «ከነገ ጀምሮ ከኔ ጋር ነሽ» አለ።

ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው ይኸው ነው፤ የዡዋኑን ዱቄት ከመበጥበጡ በፊት ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ምላሱን ያስነካል። ሰፋ ያለ ክፍተት ሲሆን አሸዋ ይገባበታልና አሸዋውንም ቆንጥሮ ይቀምሳል፤ ከዚያ እንትፍ ይላል። ጨው ካገኘበት ያ ጀሪካን ይደፋል፤ ውሃ ምንም ያህል ቢወደድ ይደፋል። «ባሕር እዚህ አገር ያልገባበት የለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ አለ፣ አሸዋው ውስጥ አለ። ዡዋን ውስጥ ከገባ ደግሞ ተደብቆ አይቀርም፤ ውሃው ሲደርቅ ጨውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ጥሎት ይሄዳል» ይለኝ ነበር። የሾፌሮችን ሸሚዝ ጀርባ አይታችሁ የለ? ላቡ ሲደርቅ ነጭ ካርታ ይሠራል፤ ልክ እንደዚያ ነው። «ስለዚህ ቅመሺ» ይለኛል። «የቧንቧ ነው ቢሉሽም ቅመሺ፤ ውሃ ሻጩ በእናቱ ቢምልም ቅመሺ።»

ሁለተኛው ልማዱ ወለልን በእግሩ መፈተን ነው። ሥራው ሲያልቅ ጫማውን ያወልቅና በአውራ ጣቱ መስመር መስመሩን እየዳበሰ ይሄዳል። «ዓይን ይሸነገላል፤ እግር አይሸነገልም» ይላል። ሁልጊዜ የሚያገኘኝ በአንድ ጥፋት ነው፤ ዡዋኑ ከሴራሚኩ ዝቅ ብሎ ሲቀር። ይህ የሚመጣው ስፖንጁ በመስመሩ ርዝመት ሲጎተት ነው፤ እርጥቡን ዡዋን ጠርጎ ይወስደዋል። ስፖንጅ በሰያፍ ነው የሚሄደው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ ያውም በደንብ ተጨምቆ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ቀጥ አድርጌ እጎትታለሁ። ያን ጊዜ ከወዲያ ጥግ «ጎደለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። «ዝናሽ! ጎደለ!» ከዚያ አረብኛው ይከተላል።

እንዴት እንደምናደድበት! ያኔ የማልወደውን ያን ድምፅ አንዴ ለመስማት ዛሬ ምን እሰጥ ነበር።

አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ ቪላ ስንሠራ፣ ረፋድ ላይ ያ ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ተነሳ። ጠዋት የሞላሁት ሁሉ ከሰዓት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። የቪላው ባለቤት ሴትዮ ብትጮህብን እሱ «እመቤቴ፣ ምን አጠፋ? ውሃ ጠማው» አላት። እውነትም የጋለ ሴራሚክ የዡዋኑን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከመሙላቴ በፊት ክፍተቱን በእርጥብ ስፖንጅ አብሳለሁ፣ ከሞላሁ በኋላ ደግሞ የራሰ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ሌላ ጊዜ የኢትዮጵያ ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ነበር። ለብቻዬ ያመነኝ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ውሃውን ሳልለካ በዓይኔ ግምት እየበጠበጥኩ አንዱ ባልዲ ጠቆረ፣ ሌላው ነጣ። በነጋታው ሾፌሮቹ በር ላይ ቆመው «እህታችን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ነው እንዴ የሠራሽልን? መሻገር ይቻላል?» እያሉ ተሳሳቁብኝ። ጋሽ መኩሪያም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ ተንበርክኮ ከኔ ጋር ፈነቀለው። እንዲህ ያለ ደግ ልብ ነበረው።

እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ሃያብለ ሰፈር ስንት ቤት ሠራን፣ ካርቲየ ሰባት ስንት ሱቅ ሠራን። ሴራሚክ የሚያነጥፍልን ሁሴን ነበር፤ የሶማሌ ልጅ ነው፣ አማርኛን ከሾፌሮች ተምሮ ስድቡን ከኛ በላይ የሚያውቅ። ሦስታችን አንድ ቤት ገብተን ስንወጣ የዘመድ ያህል ሆነን ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ መኩሪያን ዓይኑን አመመው። የዓይን ግፊት ነው አሉ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል። መጀመሪያ ባልዲ ይረግጥ ጀመር። ከዚያ ሥራ ተወ። ቤቱ ሄጄ ሳየው በትንሿ ክፍላቸው ውስጥ፣ ባለቤቱ እትዬ አዜብ በምትጠርገው በሻካራው የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይሄዳል። እትዬ አዜብ ስንት ዘመን ነዝንዛዋለች መሰላችሁ! «የሰው ቤት መስተዋት ያደርጋል፤ የኔን ቤት ግን እግሬን እየላጠኝ ጠርጌ ልሙት» ትላለች። እሱም «የሚቀጥለው ወር» ይላል።

አንድ ቀን እኔንና ሁሴንን አስጠራን።

«ነጭ ሴራሚክ፣ ጥቁር ዡዋን» አለን። «ጥቁርና ነጭ ገና እለያለሁ። ሁሴን፣ አንዷን መስመር ከአልጋዬ እግር እስከ ጓሮው በር ቀጥ አድርገህ አውጣት። እሷን ይዤ እሄዳለሁ።»

«እጅህን ይዤ አልወስድህም እንዴ?» አለች እትዬ አዜብ።

«እሱን ነው እኮ የምሸሸው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ዞረ። «ዝናሽ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። ሰው እጄን ይዞ እዚያ እንዳይወስደኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩ።

ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ የጅቡቲ ነሐሴ፣ ድንጋይ የሚያልብበት። የፍልሰታ ጾም ገብቷል። እኔም ለጋሼ ዓይን ብዬ ሱባኤ ያዝኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል ውሃ በአፌ አይዞርም ብዬ ተሳልኩ። እመቤቴ ያቺን የቀረችውን ብርሃን እንዳትወስድበት። ሥራው ግን ለሙቀቱ ሲባል በማለዳ ነው የሚሠራው። ሁሴን ሴራሚኩን አንጥፎ ጨርሶ እኔ ዡዋኑን በሞላሁበት ቀን የሰፈሩ ቧንቧ ጠፍቶ ነበር። ውሃ ሻጩ በቢጫ ጀሪካን አመጣልኝ፤ ኩልል ያለ ነው። «ከየት ነው?» አልኩት። «እንደ ሁልጊዜው ነዋ» አለ።

ጣቴን ነከርኩ። ወደ አፌ አደረስኩት፣ ትዝ አለኝ፣ መለስኩት። በቀሚሴ ጠረግሁት።

ያን ቀን እንደሞላሁት ሞልቼ አላውቅም። ዱቄቱን ቀስ ብዬ በጠበጥኩ፤ ከተቸኮለ አየር ይይዝና ኋላ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። አሳረፍኩት፣ እንደገና አዞርኩት፣ በጎማው መግፊያ ገፍቼ እስከ ታች አስገባሁት። ስፖንጁን በሰያፍ አስኬድኩ። ጆንያ አለበስኩ። ሲገለጥ ነጩ ወለል ላይ ጥቁር መስመር እንደ ኩል ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጋሽ መኩሪያ ጫማውን አውልቆ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እስከ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። «አልጎደለም» አለ። በሕይወቴ የሰማሁት ምስጋና እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እትዬ አዜብ እንደነገረችኝ፣ ሲነጋ ብቻውን ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መስመሩን እያየ ጓሮ ደርሶ ይመለስና «አዜብ፣ ሻይ!» እያለ እንደ ጎረምሳ ይጣራል። እኔም ስለቴ ሠመረ ብዬ ነበር።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ልጠይቀው ብሄድ ክፍሉ መሃል ቆሞ አገኘሁት። እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። ወደ አልጋውም ወደ በሩም አይሄድም።

«ማን ነው? ዝናሽ?» አለ። «አለቀ፣ ልጄ። ዓይኔ ሞተ። መስመሩ ጠፋብኝ።»

ወደ ታች አየሁ። ጥቁሩ ዡዋን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። ከሴራሚኩ አይለይም። እትዬ አዜብ ጥግ ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች፤ አይታዋለች፣ መንገር አቅቷት ነው። እኔ ተንበረከክሁ።

ስንበረከክ ሰማኝ። እሱም ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሸት አሸት አደረገና ምላሱ ላይ አስቀመጠው።

«ጨው!» አለ። ከዚያ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አዜብ! ዓይኔ አይደለም! ሰማሽ? ዓይኔ አይደለም፣ ጨው ነው!»

እኔ አለቀስኩ። እሱ ሳቁ ሲበርድለት ፊቱን ወደኔ አዞረ። «አልቀመስሽም?»

«ጾም ነበር፣ ጋሼ። ላንተ ዓይን ብዬ ተስዬ…»

በአረብኛ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አይ ዝናሽ» አለ በመጨረሻ፣ በአማርኛ። «እመቤቴ እኮ ምራቅ አትቆጥርም ነበር።»

ሁሴን ሲሰማ ራሱን ይዞ «ሴትዮ፣ እኛ እንኳ በረመዳን ቀምሰን እንተፋለን!» አለኝ። ወዲያው ግን መሮውን ይዞ መጣ። ውሃው ከጉድጓድ የተቀዳ ነበር፤ ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ ሻጩ ከየት ያምጣ? በኮምጣጤ ባጥበው ይጠፋና በነጋታው ይመለሳል፤ ጨው ከውስጥ ነዋ። ስለዚህ የሞላሁትን ሁሉ ፍቄ ማውጣት ነበረብኝ። ጫፉን በሞረድኩት ብረት፣ ሴራሚኩን ሳልቧጭር፣ በእጄ። ዛሬ ሐኪሙ ራጅ ላይ ያየው ጉልበት ያለቀው እዚያ ወለል ላይ ይመስለኛል። ቢሆንም አይቆጨኝም።

ጋሽ መኩሪያ አልጋው ላይ ተቀምጦ የብረቱን ድምፅ ያዳምጣል። «እዚያ ጋ ዘለልሽ፤ ድምፁ ተቀየረ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ዘልያለሁ። «ቶሎ በይ እንጂ፤ ጥቁሩን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። እኔም እቸኩላለሁ። ከምን ጋር እየተሽቀዳደምኩ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ፍቄ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ በጓሮው በር ገብታ ወለሉን ሞልታው ሳለ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ አዜብ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«አዎ፣ ጠፋ» አለችው።

«ይመጣል» አለ እሱ። ትንሽ ቆይቶ ግን እጁን ዘርግቶ አልጋው ላይ ያረፈችውን ፀሐይ ዳበሳት። ሙቀቷን ሲያገኝ ጣቶቹ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥቁር መስመር አላነሳም። ብረቱም ሲዘል አልነገረኝም።

ቤቴ ገብቼ እግዜርንም ራሴንም ስከስ አመሸሁ። ሲነጋ ግን ውሃ ይዤ ሄድኩ። ባልዲውን ፊቱ አቀረብኩለት፤ «ቅመስልኝ» አልኩት። «አንቺስ?» አለ። «እኔ ቀምሻለሁ። አንተም ቅመስ።» ጣቱን ነከረ፣ ቀመሰ። «ጣፋጭ ነው» አለ፣ ግድ ሳይሰጠው።

ጥቁሩን ዡዋን በጠበጥኩ። ምን ሊሠራለት አትበሉኝ፤ የመረጠው ጥቁር ነው። ወለሉን ሁሉ እሱ ባስተማረኝ መንገድ ሞላሁ፤ ሙሉ፣ ልስልስ፣ ከሴራሚኩ እኩል። ከአልጋው እስከ በሩ የምትሄደዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን ስፖንጁን አልጨመቅሁትም። በሰያፍም አላስኬድኩትም። በመስመሯ ርዝመት ቀጥ አድርጌ ጎተትኩት፣ ደግሜ ጎተትኩት። ሁሴን ከበሩ ሆኖ «ምን እየሠራሽ ነው? አበድሽ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት በእጄ።

ሲደርቅ ጋሽ መኩሪያን ከአልጋው አስነሳሁት። «ፈትንልኝ» አልኩት።

«ምኑን እፈትነዋለሁ? ተይኝ እስቲ።»

«ሥራዬን ነዋ። ሳትፈትን አስረክቤ አላውቅም።»

ቅር እያለው ጫማውን አወለቀ። አውራ ጣቱን አሳረፈ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

«ጎደለ!» አለ።

ከፊቱ ገለል አልኩለት።

«ዝናሽ! ጎደለ! ይኼ ምንድን ነው?» አንድ እርምጃ ሄደ። «እዚህም ጎድሏል! በዚህ ዕድሜሽ! ስፖንጁን በርዝመቱ ነው የጎተትሽው፣ አይደል? ስንቴ ነግሬሻለሁ!» አረብኛው መጣ። እግሩ መስመሯን አልለቀቀም፤ ጥፋቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ሊያውቅ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ እየተሳደበ፣ እየተራገመ ቀጠለ። «እዚህም! ወላሂ እዚህም! ኧረ አንቺ ሴት አሳፈርሽኝ! እዚህም…»

እጁ የጓሮውን በር መቃን ነካ።

ቆመ። ፀሐይዋ ሙሉ ፊቱ ላይ ነበረች። እጁ መቃኑን እንደያዘ ቀረ። ማንም እጁን አልያዘውም ነበር። ዞር አላለም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ «እዚህም» አለ፣ ደፉን አልፎ ወደ ጓሮ ወጣ።

እስኪሞት ድረስ በዚያች መስመር ሄደ። ሰው እጁን ይዞት አያውቅም።

አሁን ሥራ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ብረትና ስፖንጅ የሌለበት እጅ ይከብዳል። እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ መንገድ ላይ እቆማለሁ፤ ወጣቶቹ ዛሬ ከውጭ የመጣ በቱቦ የሚጨመቅ ነገር ይሞላሉ፣ የሚቀምስ የለም። እነሱን አልወቅስም፤ እኔ የናፈቀኝ ጨዉ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አዜብ ጋ እሄዳለሁ። ባለፈው ሻይ ስትቀዳ ጫማዬን አወለቅሁና ከአልጋው እግር ጀመርኩ። በዚህ ጉልበቴ ቀስ እያልኩ በአውራ ጣቴ መስመሯን ይዤ ሄድኩ። አልተሰነጠቀችም፣ አልነጣችም። በሩ ጋ ደርሼ መቃኑን ያዝኩ።

«እስቲ አንዴ ‹ጎደለ› በለኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

እትዬ አዜብ ከኋላዬ «ነይ፣ ሻዩ ሳይበርድ» አለችኝ።